የአቶ ካሳይ ሐጎስ ሕይወትና አሥራ ዘጠኙ የሳህን ማጠቢያ ማሽኖች

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም ለመሸኘት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የዕድራችን አባላት፤ ፀሐዩ ሳይበረታ እግራችሁም ሳይዝል የአቶ ካሳይ ሐጎስን የስድሳ ስድስት ዓመት ዕድሜ በጥቂቱ እንድናስታውስ ይፈቀድልን። ጽሑፉን ያዘጋጁት የአጎታቸው ልጅና የዕድሩ ንብረት ያዥ አቶ ረዳኢ ሲሆኑ፣ በዓይናቸው ያላዩትን አልጨመሩም፤ ያዩትንም፣ ደስ ባይላቸውም፣ አላስቀሩም።

አቶ ካሳይ ከአባታቸው ከአቶ ሐጎስ ወልዱ፣ ከእናታቸውም ከወይዘሮ ለተብርሃን ገብረጻድቃን፣ በአጋሜ አውራጃ ከአዲግራት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በጥቅምት ወር 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው ካፈሯቸው ስድስት ልጆች አራተኛው ሲሆኑ ለአቅመ አዳም የደረሱት ግን እርሳቸውና አንዲት እኅታቸው ብቻ ነበሩ። ፊደል ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ቆጥረው፣ አዲግራት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው በማረፋቸው በአሥራ አምስት ዓመታቸው አሥመራ ወደነበረው አጎታቸው ቤት ሄዱ። በዚያም የሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ የሚጠግን አንድ ጣሊያናዊ ባለወርክሾፕ ዘንድ ተቀጠሩ። ያ ሰው ለሦስት ዓመት ቡሎን ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ አልሰጣቸውም፤ በአራተኛው ዓመት ካቻቢቴ በእጃቸው ሲያስጨብጣቸው ግን ምድጃውንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀውን የሳህን ማጠቢያ ማሽንም ፈትተው የሚገጥሙ ባለሙያ ሆነው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የጎንደሬውን የፖስታ ቤት ሠራተኛ የአቶ ገብረክርስቶስን ልጅ ወይዘሮ አስቻለችን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ብርሃነንና ሉሊን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ሁሉም እንደሚያስታውሰው ብዙ ሰው ከቤቱ በተነቀለበት ወቅት፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አማታቸውንና ሦስት እሽግ ልብስ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ካዛንቺስ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ያላት አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተውም ተቀመጡ። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ሆነው የተቀጠሩት በመስከረም 1984 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አማታቸው አረፉ። ቤተሰቡ በሰፈሩ ገና ስድስተኛ ወሩ ነበርና የዕድር አባል አልነበረም፤ ጎረቤት ግን የካዛንቺስ ጎረቤት ነውና አልቀረም። አርባ ሳህን ከዘጠኝ ቤት በተውሶ ተሰበሰበ። የተውሶ ዕቃ ደግሞ ሲመሽ ንጹሕ ሆኖ ወደየባለቤቱ መመለስ ስላለበት፣ የሚያጥብ ሰውም ስላልነበረ፣ በሠልስቱ ዕለት ወይዘሮ አስቻለች የእናታቸውን ሐዘን ከተቀመጡበት ፍራሽ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከቤቱ ጀርባ በባልዲ ፊት ተንበረከኩ። አልቃሽ ሲመጣ እጃቸውን ጠርገው ገብተው ያለቅሳሉ፤ አልቃሹ ሲበላ ወጥተው ሳህኑን ያጥባሉ። አቶ ካሳይ ይህንን በር ላይ ቆመው አዩ። በማግሥቱ ሆቴላቸው ገብተው የእንግዶቹ ሳህን በማሽን ሲታጠብ ሲያዩ፣ ለአቶ ረዳኢ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ለሽርሽር የመጣው ሰው ሳህኑን ማሽን ያጥብለታል፤ እናቷ የሞተችባት ሴት ግን የራሷን ለቅሶ ሳህን በእጇ ታጥባለች። ይኼ ነገር አይቀጥልም።» ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕይወታቸው ጉዳይ አንድ ሆነ፤ በሐዘን ድንኳን ጀርባ የሚቆም፣ ሴቶቹን ወደ ድንኳኑ የሚመልስ አንድ ማሽን ማቆም።

በ1987 ዓ.ም. ሆቴሉ አሮጌውን የጣሊያን ማሽን ሊጥል ሲል ለምነው ወሰዱት። የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ከነበሩት ከአቶ ጉርሜሳ ጋር በሁለት ጋሪ ጭነው፣ በመስቀል አደባባይ አድርገው፣ ዳገቱን ለመውጣት ሰባት ጊዜ አርፈው ካዛንቺስ አደረሱት። ከዚያ በኋላ አልቆሙም። አገሩን ከሚለቅ የውጭ ሰው ቪላ፣ ከተዘጋ ምግብ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ክበብ ጓሮ፣ ከቄራ የብረት ቃራሚዎችም ጭምር እየሰበሰቡ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ማሽን በግቢያቸው አቆሙ፤ አሥራ አንዱ የጣሊያን፣ አምስቱ የአሜሪካ፣ ሁለቱ የጀርመን ሲሆኑ አንዱ ግን ስሙ ተፍቆ ስለነበር አገሩ ሳይታወቅ ቀርቷል። ከነዚህም ሰባቱ ነፍስ ዘርተዋል።

አሠራራቸው ችኮላ አልነበረበትም። አንድ ማሽን ሲፈቱ ነጭ ሸራ ያነጥፋሉ፤ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ሸራው እስኪነሣ ድረስም በዚያ ማንም አያልፍም። በቧንቧው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን የውሃ ድንጋይ በአቸቶ ዘፍዝፈው ያሟሙታል፤ የደረቀውን የበር ጎማ ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጠው ይተካሉ። ቀለም ግን አይቀቡም ነበር። አቶ ጉርሜሳ «ትንሽ ቀባ ብናደርገው እኮ አዲስ ይመስላል» ሲሏቸው፣ «አዲስ አይደለማ! ለምን ይዋሻል?» ይሉ ነበር።

ሰፈሩ አልማራቸውም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በምትመጣበት በዚያ መንደር ይህን ሁሉ ብረት ማከማቸታቸው መሳቂያ አደረጋቸው። ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ጎልማሶች «ጋሼ፣ ሰው ላም ያረባል፣ እርስዎ ውሃ የሚጠጣ ብረት ያረባሉ!» እያሉ ይተርቧቸው ነበር። አንዱማ፣ «ማሽኑ ሳህን ካጠበ ሚስትዮዋ ምን ልትሠራ ነው?» ቢላቸው፣ ሳይቆጡ «ትቀመጣለች» ብለውት አለፉ። ነገሩ ግን እንደተሳቀበት አልነበረም፤ አቶ ረዳኢ ራሳቸው በጀሪካን ቆጥረው እንዳረጋገጡት፣ በእጅ ለመቶ ሳህን ስድስት ጀሪካን ውሃ ሲያልቅ፣ ማሽኑ ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ ስለሚረጭ በሁለት ጀሪካን ይጨርሳል።

ቤተሰቡ በ1985 ዓ.ም. የዕድራችን አባል ሆኖ ነበርና፣ አቶ ካሳይ ማሽኑ ለለቅሶ እንዲውል ጥያቄያቸውን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አቀረቡ፤ በሦስተኛው፣ በ1996 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ። ወደ አቶ ረዳኢ መጥተው፣ «አሥራ ሁለት የዕድር ሳህን ለአንድ ቀን ስጠኝ፣ ልሞክርበት» አሉ። አቶ ረዳኢም «ሰው ሳይሞት የዕድር ሳህን ከመጋዘን አይወጣም። ሟርት ነው። ታውቀው የለም እንዴ?» ብለው ከለከሏቸው። አቶ ካሳይ ልማዱን ያውቁታልና አልተከራከሩም፤ ከቤታቸው ጓዳ ያሉትን ሳህኖች አውጥተው በእነርሱ ሞከሩ፤ ጸዱ፤ ተደሰቱ።

በየካቲት ወር ከዕድራችን መሥራቾች አንዱ አረፉ። የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ የእኛ ሦስት መቶ ሃያ የማይዝግ ሳህን አልበቃ ብሎ የማዶ ሰፈር ዕድር ሁለት መቶ ሰማንያ አበደረን። ሳህኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለዩት በጀርባቸው በተቀባው የዘይት ቀለም ብቻ ነበር፤ የእኛ ቀይ፣ የእነርሱ ሰማያዊ። ማሽኑ በድንኳኑ ጀርባ ቆመ፤ ውሃው በበርሜል በእንጨት ፈላ፤ አቶ ካሳይ የማጠቢያ ሶዳ ጨምረው አስነሡት። ቀድሞ አሥራ አንድ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ የምታጥበውን ሦስት ሴቶች እየጫኑና እያወጡ ጨረሱት። የቀሩት ስምንቱ ገብተው ተቀመጡ። የሴቶቹ አስተባባሪ ወይዘሮ ደራርቱ እንባቸውን እየጠረጉ ወጥተው፣ «ጋሽ ካሳይ፣ አሥራ አራት ዓመት ለቅሶ ቤት ስውል፣ ለቅሶ የደረስኩት ገና ዛሬ ነው» አሏቸው። አቶ ካሳይ ጎንበስ ብለው ከበርሜሉ ሙቅ ውሃ ጨመሩ። በሕይወታቸው ደስ ብሏቸው የታዩት በዚያ ዕለትና በማግሥቱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሠልስቱ ማምሻ ዕቃው ሲለይ ሳህኑ ሁሉ ጀርባው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የፈላው ውሃና ሶዳው ቀይም ሰማያዊም ሳይተው ቀለሙን ልጦ ወስዶታል። ሲቆጠር አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ፤ አሥራ ሁለት ጎደለ። በለቅሶ ቤት ሳህን መጉደሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን የጎደለው የማን ነው? የማዶዎቹ «የእናንተ ነው» አሉ፤ የእኛዎቹ «የእናንተ ነው» አሉ፤ በሐዘንተኛ ደጃፍ፣ ገና እንባ ሳይደርቅ፣ ድምፅ ከፍ አለ። የሟች ልጆች ፍራሽ ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ለዕድር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

በሚያዝያ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢው አቶ ፀሃዬ አቶ ካሳይን አቁመው፣ «በሕዝብ ዕቃ ላይ ሳይሞክሩ ነው እንዴ ሥራ የጀመሩት?» ሲሉ ጠየቋቸው። አቶ ካሳይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሳህን ጠይቀው እንደተከለከሉ አልተናገሩም፤ የከለከሏቸው አቶ ረዳኢም በሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አልተናገሩም። ማንኛውም ማሽን ወደ ለቅሶ ድንኳን እንዳይገባ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ከመቶ አሥራ ሁለት አባል ሰባ አንዱ እጁን አነሣ፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ቆጣሪው አቶ ረዳኢ ሲሆኑ፣ ሰባ አንደኛው እጅ የራሳቸው ነበር።

አቶ ካሳይ ግን አላኮረፉም። አሥራ ሁለት ሳህን ራሳቸው ተኩ፤ ስድስት መቶውንም ሳህን በአራት ወር እሑዶች፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በብረት ማተሚያ አንድ በአንድ መቱ፤ ለእኛ አንድ ነጥብ፣ ለማዶዎቹ ሁለት። ይህ ምልክት በምንም ውሃ አይለቅም፤ ክልከላውም ምክንያት አልቀረውም ነበር። ነገር ግን በቃለ ጉባኤ የገባ ነገር በአጀንዳ ካልተነሣ አይነሣም፤ አቶ ካሳይ ዳግመኛ ለመጠየቅ አፈሩ፤ የዕድሩ አመራርም «ሌላው ያንሣው» እያለ ተወው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ መቶ አርባ አራት ወርኃዊ ስብሰባ ተደርጓል። በአንዱም አልተነሣም።

በ2001 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ወይዘሮ አስቻለች ከአጭር ሕመም በኋላ አረፉ። ያን ጊዜ ከካዛንቺስ ሰው ግማሹ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ ነበርና፣ ከአሥራ አንዱ የዕድሩ አጣቢ ሴቶች የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳህን አልደርስ ሲል ልጃቸው ሉሊ ከፍራሹ ተነሣች። አባቷ «ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። «ታዲያ ማን ያጥበው አባዬ?» ብላ ወጣች። ማሽኑ ከድንኳኑ አርባ እርምጃ ርቆ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አቶ ካሳይ ወደ አቶ ረዳኢ አዩ። አቶ ረዳኢ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ወዲያ አቶ ካሳይ ሸራ አንጥፈው ማሽን ሲጠግኑ ማንም አላያቸውም።

በ2006 ዓ.ም. የእርሳቸውም ግቢ ተራው ደርሶ ፈረሰ። አሥራ ዘጠኝ ማሽን አራተኛ ፎቅ አይወጣምና አሥራ ስምንቱን ቁራሌዎች እንዲወስዱ ፈቀዱ፤ በመዶሻ እንዲቀጠቀጡ ግን አልፈቀዱም። ሁለት ወር ወስደው ራሳቸው አንድ በአንድ ፈቷቸው። ቁራሌው «አባባ፣ እኛ እኮ በኪሎ ነው የምንገዛው፣ ምን ያደክምዎታል?» ቢላቸውም አልሰሙትም። ድንኳን የገባውን አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄዱ፤ እርሱም ከደረጃው ሥር ሆኖ ጎረቤት እያጉረመረመበት ቆየ።

በየካቲት 2008 ዓ.ም. የደም ግፊታቸው ባስከተለው ስትሮክ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ተያዘ። በነሐሴ አቶ ፀሃዬ፣ ወይዘሮ ደራርቱና አቶ ረዳኢ ሊጠይቋቸው ሄዱ። አቶ ረዳኢ በዚያ ቀን፣ በሁለቱ ሰዎች ፊት፣ አሥራ ሁለቱን ሳህን እንደከለከሏቸው፣ በጉባኤውም ዝም እንዳሉ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። አቶ ፀሃዬም «ውሳኔውን እንሽራለን፣ ማሽንዎን ያምጡት» አሏቸው። አቶ ካሳይ፣ ቃሉ እየተንተባተበባቸው፣ «ረዳኢ፣ እኔማ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ዘመዴ አይደለህም? ማሽኑ ግን ጎማው ደርቋል። ካቻቢቴ የሚይዝ እጅም የለኝም። ደግሞ አስቻለች የለችም፤ ለማን ብዬ?» አሉ። ወይዘሮ ደራርቱ አለቀሱ። አቶ ካሳይ በግራ እጃቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየበረታ ሄዶ፣ በልጆቻቸው እንክብካቤና በአባቶች ጸሎት ሦስት ወር ቆይተው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ትናንት ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ካሳይ ሐጎስ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሩሐማ የተባለች የልጅ ልጅ፣ አዲግራት ያሉ አንዲት እኅት፣ የሃያ አምስት ዓመት ወዳጃቸውን አቶ ጉርሜሳንና እጅግ ብዙ ወዳጆችን ትተው ሄደዋል።

በመጨረሻም ለዕድራችን አባላት የሚነገር አለ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ጉባኤ ተቀምጦ የ1996ቱን ውሳኔ ሽሯል። አቶ ጉርሜሳ ማሽኑን ከደረጃው ሥር አውጥተው ቢከፍቱትም ፓምፑ ተጣብቆ፣ ጎማው እንደ ደረቀ ቅጠል በእጃቸው ፈረሰ፤ ይህን የሚያስነሣው እጅ አሁን በፊታችን ተገንዞ ተኝቷል። ስለዚህ ሌላ ውሳኔ ተወስኗል። ያን ጊዜ እጃቸውን ካነሡት ሰባ አንድ ወንዶች ሃያ ዘጠኙ ሞተዋል፤ አሥራ አንዱ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ በሕይወትም በዕድርም ያሉት ሠላሳ አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹም እዚህ ቆመዋል። የአቶ ካሳይን ለቅሶ ሳህን የሚያጥቡት እነዚህ ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አሥራ አንድ፣ ነገ አሥር፣ በሠልስቱ አሥር። የስም ዝርዝሩ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ከላይ ያለው የረዳኢ ስም ነው፤ ከሥሩ የፀሃዬ አለ። ባልዲው፣ ሶዳውና የፈላው ውሃ ተዘጋጅቷል። ወይዘሮ ደራርቱና የዕድሩ እናቶች በሙሉ ወደ ድንኳኑ ገብተው እንዲቀመጡ፣ ሉሊም ሦስቱን ቀን ከፍራሹ እንዳትነሣ፣ ዕድሩ በአክብሮት ይለምናል።

ደካማውን ሁሉ የሚያሳርፍ አምላክ የአቶ ካሳይን ነፍስ ከደጋጎቹ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ከወይዘሮ አስቻለች ጋርም በመንግሥቱ ያገናኛቸው፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለዘገየነው ለእኛም ምሕረትን ይስጠን። አሜን።